ማን ይቀመጥልሻል

ብቻውን የሚኖርን ሰው የምንጠራባቸው ቃላት ብዙ ናቸው። እኔ አብዛኞቹን ያወቅኋቸው ራሴው ላይ ሲለጠፉ ነው። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ በነበሩበት ዘመን መርካቶ ውስጥ፣ ከሰባተኛ ወረድ ብሎ ባለ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ሥራዬ ድር ተራ ለሸማኔዎች ክር መሸጥ ነው። ባል ነበረኝ፤ ጎጃም ትቼው መጣሁ። አልደበደበኝም፣ አላስራበኝም። አብሬው መኖር አልፈለግኩም፣ አበቃ። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው እስከ ዛሬ ጥቂት ነው።

ወንድ ብቻውን ሲኖር «ላጤ» ይባላል። ቃሉ ራሱ ቀለል ያለ ነው፤ ሲጠሩት ፈገግ ያሰኛል። ላጤ ቤቱ ቢዝረከረክ ይሳቅለታል፣ ወጡ ቢያርር ይታዘንለታል፣ ጎረቤት ሰሃን ሸፍኖ ይልክለታል። ዓለም በቃኝ ብሎ ዋሻ የገባው ደግሞ «ባሕታዊ» ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ጎንበስ ብሎ ይባረካል። ሴቷ ግን «ፈት» ናት። ፈት ስትባል የሚስቅም የለ፣ የሚያዝንም የለ፤ ዓይን ብቻ ነው የሚከተላት። ከፍ ሲል «ጋለሞታ» አለ። እሱን አንድ ገዢ ዋጋ አልቀንስም ስለው ወርውሮብኝ፣ የሚዛኔን ድንጋይ ይዤ እስከ በርበሬ ተራ አባርሬዋለሁ። የግቢያችን ሴቶች ሲናደዱብኝ «ቆሞ ቀር» ይሉኝ ነበር። «አግብቼ ነው የወጣሁት፣ ስትሰድቡኝ እንኳ አስተካክላችሁ ስደቡኝ» ብዬ አርሜያቸዋለሁ። የጨዋዎቹ ቃል «ሴተላጤ» ነበር፤ የወንዱን ቃል ቀሚስ አልብሰው የሰጡኝ ይመስለኛል።

ሁሉንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ኖርኩ። ጠዋት ወጥቼ እሸጣለሁ፣ ማታ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ፣ ደስ ሲለኝ ለራሴ አንጎራጉራለሁ። ብቻዬን መሆን ይመቸኛል። ሰው ይህን ሲሰማ የሆነ የተደበቀ ቁስል ይፈልጋል፤ እኔ ዘንድ ቢፈልግ የሚያገኘው በሰዓቱ የበሰለ እራትና የተነጠፈ አልጋ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጆሮ ዳባ ልበስ ልለው አልቻልኩም። ከእኛ ግቢ ጀርባ ጠላ እየሸጠች ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። ታማ ሞተች። እድር አልነበራትም። ድንኳን አልተተከለም፣ ፍራሽ አልተነጠፈም፣ የማዘጋጃ ቤት መኪና መጥቶ ወሰዳት። አብረዋት የነበሩት ሁለቱ የመኪናው ሠራተኞች ብቻ ነበሩ። የግቢያችን ባለቤት እትዬ በር ላይ ቆመው መኪናው እስኪያልፍ አዩና «ምስኪን፣ ፈት ነበረች» ብለው ወደ ምስራቸው ለቀማ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አላርፍ አለኝ። መሞቱ አላስፈራኝም፤ ያ «ነበረች» የሚለው ቃል፣ ምስር እየለቀሙ የሚባለው፣ እሱ ነው ያንገበገበኝ። እድር እገባለሁ ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ።

ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በሰፈራችን ሴቶቹ የራሳቸው ትንሽ እድር ነበራቸው፤ እዚያ ገብቼ ወጥ እሠራለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ። ሬሳ የሚያወጣው፣ ድንኳን የሚተክለው ግን ትልቁ እድር ነው። ትልቁ እድር የሚያውቀው አባወራን ነው። አባወራው ሲሞት ሚስቱ በእሱ ቦታ ትቀጥላለች። እትዬ ራሳቸው መበለት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ እድሩ ግን አሁንም «የእነ ጋሼ እገሌ ቤት» ነው የሚላቸው። ስለዚህ ባል የሞተባት ሴት መንገድ አላት። ባሏን ትታ የመጣች ሴት መንገድ የላትም።

እትዬ ምላሳቸው እንደ ምላጭ ነው፤ ሆዳቸው ግን ክፉ አልነበረም። ሐሳቤን ስነግራቸው ወዲያው መላ አገኙ።

«ባሌ ሞቷል በያቸው» አሉኝ። «ማን ጎጃም ሄዶ ይጠይቃል?»

«እትዬ፣ ሰውየው ይኼኔ በሬውን ጠምዶ እያረሰ ይሆናል።»

«ይረስ! ማን አትረስ አለው? እዚህ ሞቷል ማለት እዚያ ከማረስ አያግደው!»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ግን እምቢ አልኩ። ሰው በቁሙ መቅበር አልወድም። ደግሞስ መበለት ነኝ ብዬ ብገባ፣ ኋላ የሚቀብሩት እኔን ሳይሆን የአንድ የማያውቁት ገበሬ ሚስት ነው። እትዬ ሁለተኛ መላ አመጡ፤ «እህቴ ናት እላቸዋለሁ፣ በእኔ ቤተሰብ ትገቢያለሽ» አሉኝ። ይኼኛው ከልባቸው ነበር። እኔ ግን «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስሞት የምወጣው ከራሴ በር ነው፣ በራሴ ስም ነው» አልኳቸው። ተቀየሙኝ። «ትዕቢተኛ! እህቴ ልበልሽ ስላት የምትጠየፍ!» ብለው ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ከለከሉኝ። በጓሮ በኩል ስናልፍ ዶሮዎቻቸውን እያናገሩ እኔን ይሰድቡኝ ነበር።

የእድሩ ዳኛ የአቡጀዲ ነጋዴ ነበሩ፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሽማግሌ። እድርተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእርሳቸው ግቢ ይሰበሰባል። ሴት እዚያ አትሄድም፤ መበለቶቹ እንኳ ወንድ ልጆቻቸውን ነው የሚልኩት። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። በሩ ላይ ስቆም ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ።

«ምን እንርዳሽ፣ እቴ?» አሉኝ ዳኛው።

«እድር ልገባ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

«ባለቤትሽስ?»

«የለኝም።»

«ልጅ?»

«የለኝም።»

«ወንድም፣ እህት፣ ዘመድ?»

«አገር ቤት ናቸው። እዚህ ማንም የለኝም።»

ከኋላ አንዱ «መጀመሪያ ባል ታግባና ትምጣ» አለ፤ ተሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ጢማቸውን አሸት አሸት አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«እቴ፣ አይክፋሽ። ግን ልጠይቅሽ። እድር እኮ ለሞተው አይደለም። የሞተውን መሬት ይቀበለዋል። እድር ለቀረው ነው። ድንኳን የምንተክለው፣ ሥራችንን ጥለን መጥተን የምንቀመጠው ሐዘንተኛውን ልናጽናና ነው። አንቺ ስትሞቺ ማንን ነው የምናጽናናው? ማን ይቀመጥልሻል?»

ልጣላ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። «ፈት አናስገባም» ቢሉኝ ምን እንደምመልስ በመንገዴ ሁሉ ስለማመድ ነው የመጣሁት። ይህኛውን ግን አላሰብኩትም ነበር። ሐዘንተኛ የሌለበት ድንኳን በእርግጥ ምን ይሠራል? ለቀስተኛው ገብቶ ለማን ነው «እግዜር ያጽናህ» የሚለው?

«የሚቀመጥልኝ ሰው ባመጣስ?» አልኩ።

ዳኛው ዙሪያቸውን አዩ። «ካመጣሽ እንነጋገራለን» አሉ።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ፣ ግድግዳ ብቻ የሚለየን አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ምን አለሽ ተራ ከዘይት ጣሳ ኩራዝና ምድጃ የሚሠሩ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ናቸው። ሰፈሩ «ባሕታዊው» ይላቸዋል፣ በፌዝ። ከሰው በላይ አይጾሙም፣ ከሰው በላይ አይጸልዩም፣ ፍስክ ሲሆን ጥሬ ሥጋ ይወዳሉ። ሰው ብቻ አይወዱም። አይወዱም ስል ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ሰው ሲበዛባቸው ይደክማቸዋል። ሳያገቡ፣ እንዲህ ሆነው ነው ያረጁት። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር የተለዋወጥነው ሰላምታ ብቻ ነው፤ ለዚያም ነው የወደድኳቸው።

በማግስቱ ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። የቆርቆሮው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ጣሳ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር።

«ጋሼ፣ እድር አለዎት?»

«የለኝም።»

«ለምን?»

«ስብሰባ አልወድም።»

«ሲሞቱስ?»

«ያኔማ አልሰበሰብም።»

ጣሳ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጠላ ሻጯን፣ መኪናውን፣ የዳኛውን ጥያቄ። ከዚያም ያሰብኩትን አወጣሁት። «እርስዎም ማንም የለዎትም፣ እኔም የለኝም። ውል እንግባ። ቀድመው ከሞቱ እኔ እቀመጥልዎታለሁ፤ ቀድሜ ከሞትኩ እርስዎ ይቀመጡልኛል።» ጣሳውን ቀጥቅጠው ቀጥቅጠው፣ ኩራዙን እስከ አንገቱ አድርሰው አስቀመጡት።

«እኔ ማልቀስ አላውቅበትም» አሉ።

«አያልቅሱ፣ ይቀመጡ ብቻ።»

«ሰው ይመጣል?»

«ይመጣል እንጂ።»

«ያወራል?»

«ያወራል።»

«ስንት ቀን ነው?»

«እስከ ሰልስት፣ ሦስት ቀን።»

በረጅሙ ተነፈሱ። የባሪያ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ እንደተሰጣቸው ሰው ፊታቸው ወደቀ። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ላንቺ ብዬ ነው እንጂ…» ብለው መዶሻቸውን አነሱ። ስመለስ በመንገዱ ሁሉ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ያላሰብኩት ነገር ወሬው ነው። በእኛ አገር ለአንድ ሰው ሐዘን የሚቀመጥለት ወይ የሥጋ ዘመዱ ነው፣ ወይ የትዳር ጓደኛው። ሥጋ ዘመድ ካልሆንን የቀረው አንድ ነው። ሳምንት ሳይሞላ መርካቶ ዳረን። ድር ተራ ስደርስ ጎረቤቶቼ «እንኳን ደስ አለሽ!» ብለው አቀፉኝ። አንዷ እልል አለች። ሸማኔ ደንበኛዬ ለሠርግሽ ጋቢ ልሥራልሽ አለኝ። አይደለም ብል ማን ሊሰማኝ! «ታፍራለች» ይባባላሉ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

እትዬም ታረቁኝ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ግድግዳዬ ሥር አንድ ግንበኛ አቁመው በስንዝር ያስለካሉ።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እትዬ?»

«ግድግዳውን ላፈርስላችሁ ነው እንጂ! በሁለት በር የሚኖር ባልና ሚስት የት አየሽ?»

የሽማግሌው በር ተከፈተ። በዚያ ግቢ ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የቆርቆሮ መቀሳቸውን እንደያዙ ወጥተው «ይህን ግድግዳ የነካ፣ ጣቱን እንደ ጣሳ ነው የምቆርጠው!» አሉ። ግንበኛው እግሬ አውጪኝ አለ፤ በጓሮ በኩል ሮጦ ወጣ። እትዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አዩ። «እንግዲያው የምን ለቅሶ መቀመጥ ነው የምታወሩት?» አሉ፤ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው።

ዳኛውም እንደ ሌላው ሰው ነው የተረዱት። እሑድ ስሄድ ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሉኝ። «ይኸው ተፈታ! በባለቤትሽ ስም ትገቢያለሽ» አሉኝ። ባለቤቴ አይደሉም፣ አንጋባም፣ ውል ነው ያለን ስላቸው ፈገግታቸው ጠፋ።

«እቴ፣ ያልተዛመደ፣ ያልተጋባ ሰው እንዴት ሐዘን ይቀመጣል? ሰው መጥቶ ‹ምንሽ ናቸው?› ቢል ምን ትያለሽ?»

«ጎረቤቴ ናቸው እላለሁ።»

«ለጎረቤትማ ለቅሶ ይደረሳል፣ ሐዘን አይቀመጡም። እስቲ እናስብበት» አሉ። እናስብበት ማለት ምን እንደሆነ መርካቶ የኖረ ሰው ያውቃል። በየወሩ እየሄድኩ በሩ ላይ ቆምኩ፤ በየወሩ እናስብበት አሉኝ። አልተውኩም። የሚያፍር ከሆነ የሚያፍረው የሚመልሰኝ እንጂ የምመላለሰው እኔ አይደለሁም ብዬ ነበር።

እንዲህ ስንባባል ቀጥቃጩ ጎረቤቴ ሞቱ። ገበያው በደራበት በቀትር፣ ክር እየመዘንኩ ሳለሁ ከምን አለሽ ተራ አንድ ቀጥቃጭ እየሮጠ መጣ። እጁ ጥላሸት እንደሆነ ነበር።

«እህቴ፣ ቤት ድረሺ። ጋሼ አረፉ።»

«እንዴት? ጠዋት ደህና አልነበሩም?»

«ልቤን አሉና ተቀመጡ፣ በዚያው አልተነሡም። በጋሪ ጭነን ወደ ግቢው እየወሰድናቸው ነው። ለማን እንንገር ብለን አልተቸገርንም፤ እሳቸው ራሳቸው ‹እኔ ከሞትኩ ለክር ሻጯ ንገሯት፣ ውል አለን› እያሉ ይነግሩን ነበር።»

ሚዛኑን አስቀመጥኩ። ከሰው ጋር ማውራት የሚደክማቸው ሰውዬ ይህን ግን አውርተዋል፤ ደጋግመው አውርተዋል። ውሉን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው እንደ ዕዳ የተቀበሉት ይመስለኝ ነበር። ለካ ይመኩበት ኖሯል። ሱቄን ለጎረቤት ትቼ እያለቀስኩ ሮጥኩ።

የነፍስ አባታቸው መጥተው ጸለዩ፣ ቀጥቃጮቹ አጥበው ገነዟቸው። ቀብሩ ለነገ ጠዋት ሆነ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ፣ ሰሌን አውጥቼ በራቸው ላይ አነጠፍኩ፣ ቁጭ አልኩ። ድንኳን የለም፣ አግዳሚ የለም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የግቢው ሴቶች አንድ በአንድ መጡ። እግራቸው ለቅሶ ቤት እንደሚመጣ ሰው ቀስ ይላል፣ አጠገቤ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ።

«ምንሽ ናቸው?» አለችኝ የመጀመሪያዋ።

«ምኔም አይደሉም።»

«እንዴ… ታዲያ ለማን ነው የተቀመጥሽው?»

«ለእሳቸው።»

ሁለተኛዋም ጠየቀች፣ ሦስተኛዋም። ክፋት አልነበረም፤ ሰው ሲያጽናና ምን እንደሚል ማወቅ አለበት። ለባል አንድ ነው፣ ለአባት ሌላ ነው፣ ለልጅማ ጭራሽ ሌላ ነው። ምንም ላልሆነ ሰው ምን ይባላል? አፋቸውን ከፍተው ይቆሙና ነጠላቸውን አስተካክለው ይመለሳሉ። እትዬ በራቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው እያዩ ነበር፤ አልመጡም፣ አልገቡምም። ብቻዬን መቀመጡ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ብቻዬን መኖር ለምጃለሁ፤ ብቻዬን ማዘን ግን የተለየ ነገር ነው። ያን ሰዓት ተነስቼ በሬን ልዘጋ ቃጣኝ። አልተነሳሁም።

በመጨረሻ ማንም ሳይጠይቀኝ የተቀመጠው ከመንገዱ ማዶ ስኳር የሚሸጠው ስልጤ ነው። ጫማውን አውልቆ ከሰሌኑ ዳር ቁጭ አለና «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለኝ። ቀጥሎ ቀጥቃጮቹ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ፀሐዩን ሲያዩ ተመካከሩ፣ ሄደው ጋሪ ሙሉ ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። የተዘረጋ የዘይት ጣሳ ነው። እንጨት ተክለው፣ ጣሳውን እርስ በርስ አናክሰው፣ በራሴ ላይ ጣሪያ መቱልኝ። ለቅሶ ቤት መዶሻ ሲጮህበት እንግዳ ነገር ነው። ግቢው ሁሉ ወጥቶ ያያል፤ ወሬው ሲኒማ ራስ ድረስ ሄደ መሰለኝ፣ የማናውቀው ሰው ሁሉ በራችን ላይ እየቆመ «የማን ለቅሶ ነው? እድር የላቸውም እንዴ?» ይላል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳኛው መጡ። ከኋላቸው እድርተኛው አለ። የጣሳውን ጣሪያ ቀና ብለው አዩት፣ ቀጥቃጮቹን አዩ፣ ስልጤውን አዩ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«ምንሽ ነበሩ፣ እቴ?» አሉኝ። ቀድሞ የሚያውቁትን ነው የሚጠይቁኝ።

«ምኔም አልነበሩም፣ ጋሼ። ተቀምጬላቸዋለሁ።»

ከኋላቸው ማንም አልሳቀም። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ መሬት ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ። ያን ቃል እስኪሉ ድረስ እንደሚያስፈልገኝ አላወቅኩም ነበር። «አሜን» አልኩ። ወዲያው ዞር ብለው «ድንኳኑን አምጡ» አሉ። ድንኳኑ መጣ፣ አግዳሚው መጣ፣ ሴቶቹም መጡ። በማግስቱ ጋሼን በሰው ሸክም፣ ከራሳቸው በር አውጥተን ቀበርናቸው። የማዘጋጃ ቤት መኪና አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ሰልስቱ ካለቀ በኋላ ዳኛውና ሽማግሌዎቹ ድንኳኑን ሊያስነሱ መጡ። ደክሞኝ ነበር፣ ግን ጊዜው አሁን ነው ብዬ ከሰሌኑ ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ አሁንስ እድር ልግባ?»

ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። «እቴ፣ አሁንማ ብናስገባሽ ደስ ባለኝ። ግን ያው ጥያቄ ነው። ቃል የገባልሽ ሰው ይኸው ቀደመሽ። አንቺ ተቀመጥሽላቸው። ላንቺስ ማን ይቀመጥልሻል?»

ሊያስከፉኝ አልነበረም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሟቹ ሳስብ ይህ አልታየኝም ነበር። የቀበርኩት ጎረቤቴን ብቻ አልነበረም፤ በዚህ ከተማ የሚቀመጥልኝን አንዱን ሰው ነው። ሰው የሚያጣው እንዲህ ነው ለካ፣ በሦስተኛው ቀን። ዝም ብል ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር።

«ማንም አይቀመጥልኝ» አልኩ። «ባዶውን ትከሉት። ከበሬ ላይ ድንኳኑን ትከሉ፣ ፍራሹን አንጥፉ፣ ባዶውን ይዋል። ሰው ይምጣ፣ ባዶውን ቦታ ይይ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ይመለስ። እዚህ አንድ ሰው ይኖር ነበር የሚል ድንኳን ነው የምፈልገው። ሐዘንተኛ የለውም ብሎ የሚያፍር ካለ፣ ሰፈሩ ይፈር። እኔ ያኔ ሞቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከወደ ኋላ ግን የብረት ሰሃን መሬት ሲመታ ተሰማ። እትዬ ናቸው። ድንኳኑ ከተተከለ ወዲህ ሲያበሉ ሲያጠጡ፣ ከእኔ ጋር ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ የቆዩት እትዬ፣ ሰዉን በክንዳቸው እየገፉ መጡ።

«ባዶ ድንኳን? በእኔ ግቢ?» አሉ። ፊታቸው በቁጣ ቀልቷል። «ሰው ምን ይለኛል! እኔ እቀመጣለሁ!»

ዳኛው ግራ ተጋቡ። «እርስዎ ምኗ ነዎት፣ እመቤት?»

«ምኗም አይደለሁም! እህቴ ልበልሽ ብላት እምቢ ያለችኝ፣ ግድግዳ ላፍርስልሽ ብላት ያዋረደችኝ፣ ከነትዕቢቷ የምትሞት ሴት ናት! ምኔም አይደለችም፤ እቀመጥላታለሁ! አልቅሼ እቀመጥላታለሁ! በሉ ጻፏት፣ በራሷ ስም ጻፏት!»

ዳኛው «እሺ» አሉ።

እኔ ሰሌኑ ላይ ተመልሼ ቁጭ አልኩና፣ ለጋሼ ይሁን ለራሴ ሳላውቅ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው «በቃሽ፣ በቃሽ» እያሉ ጀርባዬን ይመቱኝ ነበር። ካስማውን ሊነቅሉ የመጡት ሰዎችም እስክጨርስ ድረስ ድንኳኑን አላነሱትም።